የፊያቷ ሳንባ

ቡርቱካን ወንበሩን አልመልስም አለች። የቤት ወንበር አልነበረም፤ የመኪና ወንበር ነው። ቀይ ቆዳው ጠርዝ ጠርዙን ተሰነጣጥቋል፣ ከሥሩ ጡብ ተደርድሮለት ግድግዳ ተደግፏል፣ ላዩ ላይ የበግ አጎዛ ተነጥፎበታል፣ አጎዛው ላይ ደግሞ የቡርቱካን አማት ተቀምጠዋል። መካኒኩ ጌትነት በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ የመጣበትን ጉዳይ ደግሞ ተናገረ። ወንበሩ አደራ ነው፤ ሐምሌ ላይ ጦርነቱ ወደ መርሳ ሲቃረብ ያስቀመጠው እሱ ራሱ ነው፤ አሁን ጥር ነው፣ ታጣቂዎቹም ከተማውን ለቀው ወጥተዋል፣ ሊወስደው መጥቷል። ቡርቱካን አማቷን አየች፣ ጌትነትን አየች፣ ከዚያ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ምራት ሆኖ ያላየ ሰው ይህ አይገባውም። አማትየዋን ዓመታት ያሰቃያቸው የወገብ ሕመም እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ ከጀመሩ ወዲህ ለቋቸዋል። ጤና ጣቢያው ባዶውን ቀርቶ የራስ ምታት ክኒን እንኳ በልመና በሚገኝበት በዚያ ሰሞን መድኃኒታቸው ይኸው ወንበር ነበር።

«ጦርነቱ አንድ ደግ ነገር ቢያመጣልኝ ይኸ ነው» አሉ አማትየዋ ሳይነቃነቁ። «እሱንም አንተ ልትወስድብኝ መጣህ።»

ጌትነት ከሞተር ጋር እንጂ ከባልቴት ጋር መከራከር አይችልበትም። ስለዚህ እውነቱን ነገራቸው። ባለመኪናው ጋሽ አብዱልሐሊም ነገ ጠዋት ከልጃቸው ጋር ወደ ኮምቦልቻ ሊሄዱ ነው፤ ለጥየቃ ሳይሆን ለኑሮ። ከመሄዳቸው በፊት ያቺ መኪና ተነስታ አንዴ ሊቀመጡባት ይፈልጋሉ። ቡርቱካን ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አማትየዋ ልጃገረድ ሳሉ ያቺ ቀይ መኪና በገበያ ቀን ስታልፍ አቧራዋን እንደጠጡ፣ አቧራዋም ቢሆን ያኮራ እንደነበር ተናገሩ። ቀጥለው እጃቸውን ለምራታቸው ሰጡና እያቃሰቱ ተነሡ። ያቃሰቱት ለማሳዘን እንጂ አሟቸው አልነበረም። ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፦ ወንበሩ ይሄዳል፣ ግን ለመግሪብ ሶላት ሳይጠራ ተመልሶ ቦታው ላይ ይገኛል።

ፊያቷን የማያውቅ የመርሳ ሽማግሌ የለም። ጋሽ አብዱልሐሊም በጃንሆይ ዘመን፣ የአትክልታቸው ብርቱካን አሥመራ ድረስ በሚሄድበት ጊዜ፣ ከአንድ ጣልያን የገዟት ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ናት፤ ጣሪያዋ ሸራ ነው፣ ሲፈልጉ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ደርግ ሲመጣ እንዲህ ባለች መኪና መታየት ሰው በገዛ እጁ ጠላት ነኝ እንደ ማለት ሆነና ከአትክልታቸው ጓሮ አስገብተው የማሽላ አገዳ ከመሩባት። ደርግ ሄደ፣ ሌላ መጣ፣ አገዳው ግን ሳይነሳ ቀረ። ባለቤታቸው ሞቱ፣ ዓይናቸውም ደከመ። ኋላ ጌትነት የውሃ ፓምፕ ሊጠግን ሄዶ አንዲት ዶሮ ከአገዳው ሥር እየጮኸች ስትወጣ አየ፤ እንቁላል አለ ብሎ እጁን ቢሰድ መሪ ጨበጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍቱን ሁሉ ለእሷ ሰጠ። የተጣበቀውን ሞተር በላምባና በዘይት ዘፍዝፎ አላቀቀው፣ ከጭስ ማውጫው ከማርሚታው የአይጥ ጎጆ አወጣ፣ ለፍሬንና ለመሪ የሚሆን የአሮጌ ላዳ ዕቃ ከአዲስ አበባ አስመጣ፤ ላዳ በእሱ አባባል ሩሲያ ያደገች የፊያት እህት ናት። ልትነሳ ጥቂት ሲቀራት ጦርነቱ ደረሰ። ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ይወሰዳል የሚለው ወሬ ከጦሩ ቀድሞ ስለገባ፣ ለፍቶ የገጣጠማትን መልሶ በታተናት። ጎማውን፣ መብራቱን፣ ወንበሩን፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር በየሰው ቤት አስቀመጠ፤ አካሏ እንደገና አገዳ ለበሰ።

ምኑ ማን ዘንድ እንዳለ ግን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱ ለሮማን እንኳ። ይዘው ቢመረምሯት የምታውቀው ነገር ባይኖር ይሻላል ብሎ ነው። እሱ እንደ ብዙዎቹ ወንዶች ወደ ደሴ ሸሸ፤ ደሴም ሲያስፈራ አልፎ ሄደ። ሮማን የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናቷን ይዛ መርሳ ቀረች። ከተመለሰ ወዲህ በዚህ ጉዳይ አልተነጋገሩም። ራት ይቀርባል፣ ይበላል፣ የጤፍ ዋጋ ይነሳል፣ ይወድቃል። ያ ያልተነገረው ነገር ግን ማዕዱ ላይ አብሯቸው ይቀመጣል።

ወንበሩን በትከሻው ተሸክሞ በመሐል ከተማ ሲያልፍ የባጃጅ ሾፌሮቹ ለቀቅ አላደረጉትም። አንዱ ሽምግልና ተልከህ ነው ወይ አለው፣ ሌላው የወንበር እጥረት ያለበት ቤት ሽማግሌ አትሁን ብሎ መከረው። ጌትነት ሳቀ። ከሸሸበት ተመልሶ ከተማውን ባዶ ካየበት ቀን ወዲህ፣ ቀልድ መስማት ራሱ እንደ ደመወዝ ይቆጠርለታል። አትክልቱ ዘንድ ሲደርስ ጋሽ አብዱልሐሊም ከብርቱካን ዛፍ ሥር፣ ከመኪናቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸው። ፓምፑ ተወስዶ ውሃ በመቋረጡ ከዛፎቹ ገሚሱ ደርቋል። ልጃቸው ናጅዋ ከቤት ዕቃ እያወጣች በማዳበሪያ ከረጢት ታስራለች። ኮምቦልቻ አስተማሪ ናት። ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ወራት አባቷ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳታውቅ ሰንብታለች፤ መንገዱ የተከፈተ ዕለት መጥታ ከእንግዲህ ከዓይኔ አይጠፉም አለቻቸው። እሷ ታስራለች፣ እሳቸው የመኪናቸውን በር በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። ተመልሰው ይምጡ አይምጡ እሷም አላነሳች፣ እሳቸውም አልጠየቁ።

ጌትነት ወንበሩን በቦታው አሰረው። የሁለተኛው ወንበር ነገር አብቅቷል፤ ያስቀመጠበት ቤት ሲቃጠል አብሮ ተቃጥሏል። ጎማዎቹ ገብተዋል፣ መብራቶቹም ተመልሰዋል፣ ባትሪውን እስራኤል የሚባል የወልድያ ሚኒባስ ሾፌር አውሶታል፣ ሊትሩ መቶ ሃያ ብር የገባ ቤንዚን በሃይላንድ ተቀምጧል። የቀረው ካርቡራተሩ ብቻ ነው፤ እሱም የታወቀ ቦታ፣ ከዋናው መንገድ ላይ ከባለሱቁ ከካሳሁን ዘንድ አለ። መጨረሻ ላይ ልገጥመው ብሎ ነው ሳያመጣው የቆየው።

«ጌትነት» አሉ ጋሽ አብዱልሐሊም፣ «ባትነሳም እሄዳለሁ። ልጄን አላስጨንቃትም። ግን ድምፅዋን ሰምቼ ብሄድ፣ ሄድኩ እንጂ ተባረርኩ አልልም።»

«አብሽሩ፣ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ይቀመጡባታል» አለ ጌትነት፤ ናጅዋም ቀና ብላ አየችውና ወደ ከረጢቷ ተመለሰች።

የካሳሁን ሱቅ መደርደሪያው ገና ግማሹ ባዶ ነው። አምስት ሊትር ዘይት ሰባት መቶ ብር ገባ እያለ ለአንዲት ሴት ይማልላታል፤ እሷ ደግሞ ባትገዛም ዋጋውን መስማት ስላማራት ቆማለች። ጌትነት ጉዳዩን ሲነግረው ካሳሁን ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ። ካርቡራተሩ እሱ ዘንድ የለም። ሱቅ እየተፈተሸ ነው ሲባል፣ ማሽላ ሊሸጥ የመጣ ናስር የሚባል የግራና ገበሬ አግኝቶ ከባዶ ጆንያው ውስጥ ከቶለታል። የማን እንደሆነ አልነገረውም፤ የሰው መኪና ሳንባ ነው፣ አደራ፣ ብሎ ብቻ ነው የሰጠው። ሌላ ካርቡራተር ይፈለግ ቢባል ሳምንትም አይበቃ፤ ሽማግሌው ደግሞ ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ ይወጣሉ። ካሳሁን ሱቁን መቆለፍ ጀመረ። ብቻህን ብትሄድ አይሰጥህም፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ አለ።

ባጃጅ ኮንትራት ይዘው ግራና ሲደርሱ ናስር ሽንኩርት ማሳው ላይ ውሃ እየመራ ነበር። እግሩን ሳይታጠብ ሰላም አላቸው፤ ስለ ዘመድ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ሞተውና ስለ ተረፈው ጠየቃቸው። ጌትነት ልቡ ቢቸኩልም ሰላምታ አይቋረጥምና በተራው ጠየቀ። ከዚያ ናስር ስለ ሳንባው የሚሉትን ሰማና አንገቱን ነቀነቀ። ከማሳው አጠገብ ታጣቂዎች ሰፍረው ስለነበር ቤቱ ማስቀመጡን ፈርቶ፣ ልትጠይቀው ለመጣች እህቱ ለነሲባ ሰጥቷታል፤ የምትኖረው ውርጌሳ ነው። ካሳሁን፣ ታዲያ አምነን ብንሰጥህ ለሌላ ታሳልፋለህ ወይ ብሎ ሊቆጣ ጀመረና ራሱ ያደረገው ትዝ ሲለው ተወው። ናስር ውሃውን ለጎረቤቱ ተራ ለቆ ጫማውን አጠለቀ። እሱ ካልሄደ እህቱ ለነሱ አትሰጥም። የሰጠው ሰው አብሮ ካልመጣ ማንም አይመልስም ማለት ነው ብሎ ጌትነት በልቡ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ስድብ አልነበረበትም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ እዚህ አገር ይህን የሚጠራጠርን ሰው ከማስረዳት ከባጃጅ ላይ ማውረድ ይቀላል።

ውርጌሳ ላይ ነሲባን ከአስፋልቱ ዳር ሻይ ስታፈላ አገኟት። የቤቷ ጣሪያ በሸራ ተጠግኗል፤ ግድግዳው ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች በጋዜጣ ሸፍናቸዋለች። ሻይ ሳይጠጡ ወሬ እንዳይጀመር አዘዘች፣ ጠጡም። ሲጨርሱ የሆነውን ነገረቻቸው። ውጊያው ውርጌሳ ላይ ሲበረታ ሕፃኗን አዝላ፣ ያንን በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር በዘንቢል ይዛ፣ ወደ መርሳ በእግሯ ሸሸች። ብዙዎች ብርድ ልብስ መያዝ ከብዷቸው ይጥሉ ነበር፤ እሷ ብርድ ልብሷን ጣለች፣ አደራዋን ግን ይዛ ሄደች። መርሳ ስትገባ መሽቶ አንዲት የማታውቃት ሴት አሳደረቻት። ሲነጋ ወደ ገጠር ዘመድ ልትቀጥል ስትል አቅሟ አልቆ፣ ያንን ነገር ለሴትየዋ አደራ ብላ ተወችው፤ ሴትየዋም ከአልጋዋ ሥር ከተተችው። ስሟን አልጠየቀቻትም። በዚያ ሰሞን ስም መጠያየቅ ቀርቶ ነበር።

ጌትነት ተስፋ ቆረጠ። መርሳ ውስጥ እንግዳ ያላሳደረ ቤት የለም፤ ያለ ስም ከየት ይጀመራል። ካሳሁን የቤቱ ምልክት ምን ነበር ሲል ጠየቃት። ነሲባ አሰበች። ደሃ ቤት ነው፣ ግን ንጹሕ ነው፣ ጓዳ ውስጥ የታመሙ እናት ተኝተዋል፣ ሴትየዋ ብዙ አታወራም። በመጨረሻ አንድ ነገር ትዝ አላት። የአጥሩ በር እንጨት አይደለም፣ ቆርቆሮም አይደለም፤ የጭነት መኪና የጎን መዝጊያ፣ ስፖንዳ ነው፣ እስከነ መንጠልጠያው። ስትገባ የጭነት መኪና ላይ የምትጫን መስሏት ነበር።

ካሳሁንና ናስር ጌትነትን አዩት። መርሳ ውስጥ የአጥር በሩን በስፖንዳ የሠራ አንድ መካኒክ ብቻ ነው። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ሳይሆን አይቀርም። ጌትነት መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ሳቁ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ ግን ሌላ ነገር ያዘው። ሮማን ከአልጋቸው ሥር ይዛው ኖራለች፤ እሱ ሸሽቶ ሳለ ቤቱ ሲፈተሽ፣ ሲመለስም አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ። አንድም ቀን አልተነፈሰችም። እሱ ለሷ እንዳልተነፈሰው ማለት ነው። ነሲባ ሻይዋን ጎረቤት እንዲጠብቅላት ነግራ ነጠላዋን ለበሰች። እኔ ካልመጣሁ አትሰጥህም፣ ሴትየዋን አይቻታለሁ አለች።

አራቱም ባንዲት ባጃጅ ተጠጋግተው መርሳ ሲገቡ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። ሮማን ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ነሲባን ስታይ ልብሱን ጥላ ሄዳ አቀፈቻት፣ ጉንጯን ደጋግማ ሳመቻት፣ ስለ ሕፃኗ ጠየቀቻት። ባሏን ያየችው ቀጥላ ነው። ጌትነት የመጣበትን ነገራት፤ ያ የተጠቀለለው ነገር የእሱ መሆኑን፣ ለካሳሁን ሰጥቶት ዞሮ እዚህ መድረሱን። ሮማን እስኪጨርስ ሰማችው።

«የሰጠችኝ እሷ ናት» አለች ወደ ነሲባ እያመለከተች። «ለሷ እመልሳለሁ። ከሷ ደግሞ እንደ አመጣጡ ይሂድ።»

«እኔ ባልሽ አይደለሁም እንዴ?»

«ነህ። አደራውን ግን አንተ አልሰጠኸኝም። አምነህ ብትሰጠኝ ኖሮ ላንተው ነበር የምመልሰው።»

ለጌትነት የተባለው ስለ ካርቡራተሩ ብቻ እንዳልሆነ ገባው። ካሳሁን መሬት መሬት አየ። ሮማን ገብታ ጥቅሉን አመጣች፤ ነሲባ የቋጠረችው ቋጠሮ እንዳለ ነው፣ አልተፈታም። ተረከቢኝ ብላ ለነሲባ ሰጠች። ነሲባ ቋጠሮዋን ዳሰሰችና አላህ ይስጥሽ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። ናስር በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ቢስሚላህ ብሎ ለካሳሁን አሳለፈ። ካሳሁንም ያን ሁሉ መንገድ የዞረውን ነገር ከእርምጃ በማይርቅ ቦታ ለቆመው ለጌትነት አስረከበ። ማንም አልሳቀም። የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ እንደ ትልቅ ጉዳይ፣ ሁሉም በተራው አደራውን አወረደ።

አትክልቱ ዘንድ ሁሉም አብረው ሄዱ። ካሳሁን የሾፌር ወንበር እንዲሆን የለስላሳ ሳጥን ከሱቁ ይዞ መጣ፤ ገልብጠው አስቀመጡት። ጌትነት ካርቡራተሩን ሲገጥም ጋሽ አብዱልሐሊም ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አዘንብለው የካቻቢቴውን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። ናጅዋም ከረጢቶቿን ትታ መጥታ ቆመች። መጀመሪያ ማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ፣ ሞተሩ ግን አልያዘም። እንደገና ዞረ፣ አሳለና ተወ። ሽማግሌው ቤንዚን አታብዛባት፣ ድሮም መጣደፍ አትወድም አሉ። ጌትነት ጠበቃት። በሚቀጥለው ላይ ፊያቷ አንድ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ከዚያ ያዘች። ዶሮዎቹ በያቅጣጫው ተበተኑ። ድምፁ ሸካራ ነበር፣ ቀስ በቀስ ግን እየተስተካከለ ሄደ። ጋሽ አብዱልሐሊም አልሐምዱሊላህ አሉና በመዳፋቸው ፊታቸውን አበሱ፤ ጌትነት ደግሞ ደስ አለው፤ ሌላ የሚባል ነገር የለም፣ በጣም ደስ አለው።

ሽማግሌው ቡርቱካን ቤት የኖረው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ጌትነት ሳጥኑ ላይ። ከአትክልቱ ወጥተው በዋናው መንገድ እስከ ድልድዩ ወርደው ተመለሱ። ባጃጆቹ ዳር ያዙላቸው፣ ጠዋት የቀለዱበት ሾፌሮች ቆመው አጨበጨቡ። በቡርቱካን ደጅ ሲያልፉ አማትየዋ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ጋሽ አብዱልሐሊም የቆሙት ማን መሆናቸው ሲነገራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰገድ አሉላቸው። አማትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ደፍተው ሳቁ። የዛሬዋም አቧራ እንደ ድሮው ናት ማለታቸውን ቡርቱካን ኋላ ተናግራለች።

ሲመለሱ ናጅዋ አባቷን ከመኪናው ደግፋ አወረደች። እሳቸው ቁልፉን ጠየቁና ጌትነት ሰጣቸው። በመዳፋቸው ትንሽ ያዙት፣ ከዚያ ያቺ አደራውን በአልጋ ሥር ያኖረችው ልጅ የታለች አሉ። ሮማን ቀረበች።

«እንኪ» አሉ። «ስመለስ ለኔ ነው የምትሰጪኝ። ለሌላ ለማንም፣ ለባልሽም ቢሆን።»

ስመለስ ያሉትን ሁሉም ሰማ። ሮማን ወደ ናጅዋ አየች። ናጅዋ የአባቷን ክንድ እንደያዘች ቆየችና፣ ለረመዳን ይዣቸው እመጣለሁ፣ ደግሞ ለአትክልቱ ፓምፕም ሳይፈለግ አይቀርም አለች። ሽማግሌው ክንዳቸውን ይበልጥ ጣሉባት። ሮማን ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

ጌትነት ሞተሯ በየሳምንቱ መነሳት እንዳለባት፣ አለዚያ እንደገና እንደምትጣበቅ ለሚስቱ አስረዳት። ሮማን ጋሽ አብዱልሐሊምን ነገ ሳይሄዱ ጠይቃቸው አለችው። ከዚያ ፀሐይዋ እየጠለቀች ስለነበር ወንበሩን ፈታና ሊሸከመው ጎንበስ ሲል ሮማን በወዲያኛው በኩል ያዘችለት። ወደ ቡርቱካን ቤት ወንበሩን በሁለት በኩል ይዘው ሲሄዱ ጌትነት መናገር ጀመረ፤ የፊት መብራቶቹ ማን ዘንድ እንደነበሩ፣ ጎማዎቹ በማን ጎተራ እንደከረሙ፣ የተቃጠለው ወንበር በማን ቤት እንደነበር፣ አንድ በአንድ። አሁን ምን ያደርግልኛል አላለችውም። ወንበሩ እንዳያዘነብል እርምጃዋን ከእርምጃው ጋር እያስተካከለች ሁሉንም ሰማችው።